ይቆየን ያለው ደብዳቤ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባስ የድራሙን ልብስ በትከሻው ጥሎ መጣ። ሰገነት የቄስ ካባ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። በወርቅ ክር ሲሰፋ ቀና አይባልም፤ ቀና ካሉ ክሩ ይሸሻል። እሷም ቀና ሳትል በአረማመዱ አወቀችው። አባስ ቀኝ ትከሻውን ካመመው ወዲህ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ያንደኛው እግሩ ጫማ ከሌላው ቀድሞ ያልቃል።

«ይችን ስፊልኝ ሰገነት፤ ዳር ዳሯ ተተርትሯል» አለና ልብሱን ከጎኗ አኖረው።

«ድራምህን በረደው እንዴ?»

«እኔን ነው የበረደኝ።»

ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ የመኪናዋን ድምፅ አዳመጠ። የሰገነት የስፌት መኪና ከገበያው ወደ ሆቴሎቹ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ነው የተተከለው። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ አራት ይመታል፣ ትንፋሽ ያህል ያርፋል፣ ሦስት ይመታል፣ እንደገና ያርፋል። መኪናሽ ያነክሳል፣ ለምን አታሠሪውም የማይላት ደንበኛ የለም። አታሠራውም። የእናቴ መኪና ነው፣ እንዲሁ ነው የለመድኩት ትላለች።

የላሊበላ ሰው አባስ ድራም የሚመታበትን አለት ባንድን በሙሉ ያውቀዋል፤ የሚወደው ግን ግማሹ ነው። ከተቋቋመ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲጀምሩ አምስት ጎረምሶች ነበሩ። አንድ ፈረንጅ ሆቴል ውስጥ ረስቶት የሄደውን ካሴት ሰምተው ሰምተው፣ ክሩ ሲበጠስ ጊዜ እንግዲህ እኛው እንጫወተው ተባባሉ። አንድ አስጎብኚ ይህ ዘፈን ሮክ ይባላል አላቸው። ሮክ ምንድን ነው ቢሉት አለት ነው አለ። አለት ከሆነማ የአገራችን ነው፣ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል ብለው ስሙን ያዙት።

ዘፈናቸው ረጅም ነው። ሻይ ያዘዘ ሰው ሻዩ መጥቶለት፣ ጠጥቶ፣ ሁለተኛ አዝዞ፣ ዘፈኑ ገና መግቢያው ላይ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ይለወጣል። ዝግ ያለው ይፈጥናል፤ በአራት ሲመታ የነበረው በሰባት ይሆናል። እስክስታ ሊወርድ የተነሣ ሰው ትከሻውን ያነሣና የሚያወርድበት ቦታ ያጣል። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ጠርተዋቸው ሙሽራዋ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ሰርግ የጠራቸው የለም።

ከአምስቱ አንዱ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር። አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ የቆርቆሮ ነጋዴ ሆነ። አንዱ ንስሐ ገባና ሰባኪ ወጣው። ሰው በጎደለ ቁጥር ሌላ ተተካ፤ የተተካውም ሄደ፣ ሌላ መጣ። ባንዱ ግን ቆሞ አያውቅም። ጦርነት መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ እንኳ ባዶ ወንበር ፊት ይጫወቱ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ አባስ፣ አንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ በእውቀቱ።

በእውቀቱ የሚለውን ስም ሰገነት በአፏ ከጠራችው ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል።

አባስ የመጣው ለልብሱ ብቻ አልነበረም። ትከሻው እንቢ ብሎታል። ሐኪሙ ዱላውን አስቀምጥ ብሎታል፣ ልጁም ኮምቦልቻ ና፣ እኔ ዘንድ ዕረፍ ብላዋለች። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ አድርጎ ነገራት።

«ባንዱስ?» አለች ሰገነት፣ ከክሩ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል።

«ባንዱማ ይኸው። በእውቀቱ ከአባስ በኋላ አለት የለም ብሏል። ለሰው አይናገርም እንጂ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ፈልጎታል። ሰኞ ይሄዳል። ልብሱን ከትናንት ወዲያ አስሯል።»

መርፌው ሄዶ የማይሆን ቦታ ወጋ። ሰገነት አየችው። የወርቁን ክር በካባው ውስጠኛ ፊት ሰፍታዋለች፤ አንድ ክንድ ያህል፣ ማንም በማያየው በኩል። በሠራችበት ዕድሜ ሁሉ እንዲህ ያለ ስሕተት አልሠራችም። መቀሷን አንሥታ መተርተር ጀመረች።

አባስ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ወሬውን ቀጠለ። የሚቆጨው አንድ ነገር ነው። አንድ ስም የሌለው ረጅም ዘፈን አላቸው፤ በእውቀቱ ነው ያወጣው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ይጫወቱታል፣ ጨርሰውት ግን አያውቁም።

«ወላሂ መጨረሻውን እኔም አላውቀውም። የሆነ ቦታ ሲደርስ እጁን ያነሣና ‹ይቆየን› ይላል። ዕቃችንን እናስቀምጣለን። ሰዉ ይስቃል፣ እኛም ለመድነው።»

የሰገነት መቀስ ቆመ።

«ምን ይላል አልከኝ?»

«ይቆየን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ‹ይቆየን› ማለት ይኸው አይደል? የመሪጌታ ልጅ አንቺ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ሰገነት ልብሱ ለቅዳሜ ይደርሳል ብቻ አለችው። እሱ ከሄደ በኋላ መኪናዋን ሳትነካ ብዙ ተቀመጠች። ባጃጅ ወጣ፣ ባጃጅ ወረደ። በደረቷ ውስጥ አንድ የቆየ ቋጠሮ ጫፉ የተገኘ መሰላት፤ ለመሳብ ግን ፈራች።

*

የሰገነት አባት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ደብተራውም ዲያቆኑም የኔታ እያለ ነው የሚጠራቸው። ዛሬ ሰማንያ አልፏቸዋል። በደኅናው ጊዜ ግቢያቸው በዜማ ተማሪ ይሞላ ነበር፤ ከተማሪዎቹም ድምፁም ትምህርቱም የሚያስቀናው በእውቀቱ ነበር። ከአሸተን ማርያም ሥር ካለች የገበሬ ቤት ነው የመጣው። ዘመድ የለውም፣ መሬት የለውም፣ ያለው ጉሮሮው ነው።

ሰገነት ውሃ ስትቀዳ፣ እሱ ከዜማ መጽሐፉ፣ ከድጓው ቀና ሲል፣ ዓይናቸው ይገናኝ ነበር። ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እንስራዋን አሸከማት። አንድ ቀን ነጠላዋን እሾህ ሲይዘው አላቀቀላት። አንድ ቀን ደግሞ የኔታን እጠይቃለሁ አላት፣ እሷም ጠይቅ አለችው። ያ ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ግን እሱ ሙሉ ቤት ነበር።

እሱ ከመጠየቁ በፊት የኔታ ሌላ ነገር ሰሙ። ተማሪያቸው ለዓመታት ማታ ማታ ተደብቆ ከሆቴል ልጆች ጋር ጊታር ይነካ ኖሯል። ለየኔታ ከዚህ የባሰ ነገር አልነበረም፤ በማሕሌት የሚከፈት አፍ በዘፈን አይከፈትም። በጠዋት መቋሚያውን ተቀበሉትና ከግቢያቸው አስወጡት።

በዚያው ዕለት አንዲት አሮጊት ለሰገነት የታጠፈ ወረቀት አቀበለቻት። ሰገነት እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማረችው፤ ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበችው። ይህን ይላል፦

«ሰገነት፣ የኔታ አባረውኛል። አልፈርድባቸውም። ከባንዱ ጋር ወደ ደሴ እሄዳለሁ። በአንቺና በእኔ መካከል ያለውን ማንም አላወቀም፣ ማንም አይወቅ። ይቆየን።»

ከፊደሉ በላይ በቀይ ቀለም ጥቃቅን ነገር ተጭሯል። አባቷ የተማሪ ስሕተት በቀይ ሲያርሙ ታያለችና፣ ጽፎ ጽፎ ያረመው መሰላት።

ይቆየን። በየኔታ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቃል በጆሮው ሳይሆን በጉልበቱ ነው የሚያውቀው። ትምህርቱ ሲያበቃ የኔታ ይቆየን ይላሉ፤ ያኔ መጽሐፍ ይታጠፋል፣ ተማሪ ይነሣል፣ ጓዳ ያለው ሰው ምሳ ያቀርባል። ይቆየን ከተባለ በኋላ አንድ ቃል አይጨመርም። ሰገነት ወረቀቱን አጠፈችው። አለቀ ማለት ነው አለች። ጨዋ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያን ቃል ተሰናበተኝ አለች።

በስድስት ወሩ በእውቀቱ ከደሴ ሲመለስ ሰገነት ታጭታ ነበር። ምናለ የሚባል የሙጃ እህል ነጋዴ አገባት። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅ አላገኙም፣ አልተጣሉምም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሞተባትና ጥቁር ለብሳ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ያን ሰሞን ነው በእውቀቱ መንገድ ላይ ያገኛት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት።

ያጽናዎት። እሷን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበረንዳዋ ሥር ባለፈ ቁጥር እንደምን ዋሉ ይላታል፣ እሷም ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ ትለዋለች። ሁለት ሹማምንት ይመስላሉ። ድንጋይ ቢወረውርባት ይሻላት ነበር። ግን የተተወች ሴት መንገድ ላይ ቆማ ለምን ተውከኝ አትልም፤ ሰገነት እንዲህ ያለ ነገር ላይ ግትር ናት። እሱ ደግሞ በበኩሉ ደብዳቤዬን አንብባ ሌላ መረጠች ብሎ ዝም አለ። ሳያገባ ኖረ። ሰዉ ጊታሩን አግብቷል ይለዋል። ዘንድሮ ደግሞ ንጋት የምትባል የሃያ አራት ዓመት ዘፋኝ ከሙጃ መጥታ ባንዱ ውስጥ ስትገባ፣ ቀጥሎ እሷን ያገባል የሚል ወሬ ተነሣ። ያን ሳምንት ሰገነት ሁለት መርፌ ሰበረች።

የሆነባትን ሁሉ ያሰበችው በረንዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ተነሣች፣ ከመኪናዋ መሳቢያ ሥር፣ ከአሮጌ ክሮች በታች፣ ደብዳቤውን አወጣች። ቀዩን ጭረት እንደገና አየችው። ዕርማት አልመስል አላት። ዕርማት ይሰርዛል፤ ይህ የሰረዘው ፊደል የለም። ከእያንዳንዱ ቃል በላይ፣ እንደ ወፍ እግር፣ አንዱ ከአንዱ የተለየ። እንዲህ ያለውን የት ነው ያየችው? በአባቷ ድጓ ላይ ነው። ደብዳቤውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባች። የኔታ መደብ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በማጉያ መነጽር ነው የሚያነቡት፣ እሱንም ወደ በሩ ብርሃን ዞረው። ሰገነት በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አባቷን ፈርታ አታውቅም። ግን በከተማው ይህን የዜማ ምልክት አንብቦ ነገሩን በሆዱ የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ይህን ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስጠጉ። ወደ ታች ማንበብ አልቀጠሉም፤ አንዲት ፊደል ላይ ቆዩ።

«ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አሉ። «መቼ የመጣ ነው?»

«እርስዎ ያባረሩት ዕለት።»

የኔታ መነጽሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሰገነት ወረቀቱን ይቀዱታል ብላ ጠበቀች። አልቀደዱትም። ጥቂት ቆይተው መነጽሩን እንደገና አነሡ፤ ይህኛው ማንሣት ደግሞ የአባት አልነበረም፣ የመምህር ነበር።

«ምልክት ለሰው ደብዳቤ» አሉ። «ወይ ድፍረት።» ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄደ። «ይህ ድፋት ነው። ይህ ይዘት። እዚህ ጋ ርክርክ አድርጎበታል… ደግ ነው። ይሄ ከድጓው አልተወሰደም። የራሱ ነው። ከራሱ ነው ያወጣው።»

ከዚያ፣ ዕርማት የሚሰጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ ልክ መሆኑን ሊፈትሹት በአፍንጫቸው አንጎራጎሩት። በአራራይ ዜማ ነው። ቀስ ያለ፣ ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ላይ የሚነሣ። ሰገነት ግድግዳውን ተደገፈች። የት እንደሰማችው አላወቀችም፤ ግን እግሯ አወቀው። ቀኝ እግሯ መሬቱን መታ። አራት፣ ዕረፍት፣ ሦስት፣ ዕረፍት።

«አባባ፣ መጨረሻው ላይ፣ ‹ይቆየን› ከሚለው በላይ ያለው ምንድን ነው?»

የኔታ ወረቀቱን ወደ በሩ አዞሩት።

«ሒደት ነው።»

«ቁርጥ አይደለም?»

«ቁርጥንና ሒደትን የማይለይ ተማሪ አላስተማርኩም» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ፊቷን አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ቁርጥ ከሆነ ድምፅህን ትቆርጣለህ። ሒደት ከሆነ ትሄዳለህ፣ አትለቀውም፤ እስትንፋስህ እስካለ ይዘኸው ትሄዳለህ። ይሄ ሒደት ነው። ይቆየን፣ አይለቅ ነው የሚልሽ ይሄ ሰው።»

ሰገነት አላለቀሰችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቃሉን አንብባለች፤ ቃሉን የሚሸከመውን ግን ማንም አላስተማራትም። ሴት ልጅ ምልክት ምን ያደርግላታል ብለው።

የኔታም ይህንኑ ሳያስቡ አልቀሩም።

«ያን ቀን ብታሳዪኝ ኖሮ ሁለተኛ አባርረው ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ…» ወረቀቱን አጠፉት፤ እንደ ሰው ደብዳቤ ሳይሆን የብራና ቅጠል እንደሚታጠፍ፣ በጥንቃቄ። «ቅዳሜ የምታገኚው ከሆነ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ቅናቱ ቦታው አይደለም፣ የኔታ አርመው ብለዋል በይው።»

ሰገነት ቅናት የምልክት ስም መሆኑን አላወቀችም። ቅናት ሲሉ ንጋትን አስባ እስከ ጆሮዋ ቀላች። የኔታ ገባቸውና ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ። እሷም ከመሬት ሳትነሣ ሳቀች። በዚያ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ስንት ዘመኑ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ክፍሉ ሰፋ ያለ መሰላት፤ አንድ ትልቅ ሣጥን የተነሣለት ክፍል እንደሚሰፋ።

*

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰገነት የተሰፋውን ልብስ አጥፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ሆቴሉ ወጣች። ሆቴል ደጃፍ ስትደርስ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። የመሪጌታ ልጅ ዘፈን ቤት አትገባም፤ ይህን ያላት ሰው የለም፣ የሚላትም አላስፈለጋትም ነበር።

መድረኩ ጓሮ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ከበስተኋላው የአሸተን ተራራ ቆሟል። ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው፤ አስጎብኚዎች አሉ፣ የአባስን ስንብት የሰሙ የከተማ ሰዎች አሉ፣ ሁለት እንግዶች ካሜራ ይዘዋል። ሲያዩዋት ወሬው ቆመ። አንድ አስጎብኚ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«እትዬ ሰገነት፣ ስንቅ ይዘዋል? ዘፈኑ እኮ ረጅም ነው» አላት።

«ቆሎ ይዣለሁ» አለች። ይዛም ነበር።

በእውቀቱ አላያትም። ጀርባውን ሰጥቶ የጊታሩን ሽቦ ያስተካክላል። ፀጉሩ ከኋላ ሸብቷል፤ መንገድ ላይ ባርኔጣ ስለሚያደርግ ይህን አታውቅም ነበር። ሸሚዙ ከትከሻው በኩል ክር ወጥቷል። ያን ክር ለመስፋት መመኘቷ ከምንም በላይ አሳፈራት።

ጀመሩ። ቤዙ ብቻውን ነው የሚጀምረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ድምፅ ሲወርድ ሰገነት ቆሎውን ከእጇ ረሳችው።

የኔታ በአፍንጫቸው ያንጎራጎሩት ነው። ያው ራሱ ነው። ወርዶ ወርዶ ይነሣል። የደብዳቤውን ቃል ከሥር ከሥሩ አስቀመጠችለት፤ ሰገነት፣ የኔታ አባረውኛል፣ አልፈርድባቸውም። በልክ ገባ። አንድም ቃል አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። ከዚያ አባስ ገባ፤ አራት፣ ዕረፍት፣ ሦስት፣ ዕረፍት። የሰገነት ቀኝ እግር ሣሩን መታ።

መኪናዋ አያነክስም ነበር። ያነከሰችው እሷ ነበረች። በየቅዳሜው ይህ ድምፅ ዳገቱን ወርዶ በረንዳዋ ላይ ሲደርስ፣ እሷ ካባ እየሰፋች ሳትሰማ ትሰማው ኖሯል። የከተማው ካህን ሁሉ የለበሰው ጠርዝ በዚህ ምት ነው የተሰፋው። ደብዳቤውን ባታነብበውም እግሯ ስታነብበው ኖራለች። እዚህ ላይ ነው ያለቀሰችው፣ ዝም ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ፣ ቆሎው ጭኗ ላይ እየተንከባለለ።

ንጋት ቃል ሳትጨምር በድምፅ ብቻ ዜማውን ተቀበለች። ኪቦርዱን የሚነካው ደሳለ ተከተላት። ዘፈኑ ፈጠነ፣ ዞረ፣ ዝግ አለ። አንዱ ጋ ሲደርስ አባስ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። በግራ እጁ ብቻ ምቱን እንደያዘ ተነሣ፤ ንጋት ማይክሮፎኗን በቁሙ ትታ በሥሩ ሾልካ ተቀመጠች፤ ዱላውን ከእጁ ተቀበለችው። ምቱ አልተሰበረም። አንድም ፀጉር አልጎደለም። በእውቀቱ ደንግጦ ዞረ። አባስ ትከሻውን እያሻሸ፣ አሥር ወር አስተምሬያታለሁ፣ አንተ ዘፈን ስትሰማ ሰው መቼ ታያለህ የሚል ፊት አሳየው። ንጋት እየመታች እዚያው ተቀምጣ ዘፈነች። ሰዉ አጨበጨበ። በእውቀቱ የሚስቅም የሚያለቅስም ሰው መሰለ።

አለት አላለቀም ነበር። ሰገነት ይህን ስታይ ከእሱ በፊት ተነፈሰች።

ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች፣ እጁን የሚያነሣባት። ሰዉ ሁሉ ያውቃታልና ፈገግ ፈገግ አለ። በእውቀቱ እጁን አነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ ወደ ወንበሮቹ ቀና አለ።

አያት።

ቃሉ አልወጣም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ተጫዋቾቹ ግራ ገባቸው፤ ካልተባሉ አይቆሙምና እንደገና ዞሩት። ሁለተኛ ዞሩት። ሦስተኛ ሲዞሩ ደሳለ ላቡን እየጠረገ ወደ በእውቀቱ ያያል፣ በእውቀቱ ወደ ሰገነት ያያል። ሰዉ አንገቱን አዞረ።

ሰገነት ብድግ አለች። ቆሎው ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፣ ግን የየኔታ ልጅ ናትና ቃሉን የት እንደሚያሳርፉት ታውቃለች።

«ይቆየን» አለች። የመጨረሻዋን ፊደል አልቆረጠቻትም። ያዘቻት፣ እስትንፋሷ እስካለ ይዛት ሄደች።

ንጋት ዱላዋን አስቀመጠች። ጓሮው ጸጥ አለ። ከጊታሩ ሽቦ የቀረው ድምፅ ብቻ፣ ንቦች ከቀፎ ሲርቁ እንደሚሰማው፣ እየሳሳ ሄደ፤ በእውቀቱ ግን በሚሳሳው ድምፅ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሲጠብቀው የነበረውን መልስ ሰማ።

*

ሰዉ አባስን ሲያቅፍና ሲስም፣ በእውቀቱ ጊታሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወደ ኋለኛው ወንበር መጣ። ባርኔጣ አልነበረውምና የሚያወልቀው አጣ።

«እርስዎ… እዚህ?»

«ደብዳቤህን አንብቤ ጨረስኩት» አለች ሰገነት።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

መሳቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ሰገነት ያሰበችውን ረጅም ንግግር አጣችው፤ ስለዚህ በቀጥታ ያለውን ነገረችው። ቁርጥ መስሎኝ ነበር አለችው። ትምህርቱ ሲያበቃ የሚባለው ይቆየን መስሎኝ፣ መጽሐፌን አጥፌ ተነሣሁ አለችው።

«ሒደት አድርጌበት ነበር እኮ» አለ፣ እንደ ተበደለ ተማሪ። «በቀይ።»

«ምልክት ማን አስተምሮኝ? እኔ መርፌ ነው የተማርኩት።»

በእውቀቱ ዓይኑን ጨፈነ። ከመሪጌታ ልጅ የሚሰወር ምልክት ይኖራል ብሎ አንድም ቀን አላሰበም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ አውቃ ተወችኝ ሲል ኖሮ፣ አለማወቋ እንደ ውሃ በላዩ ፈሰሰ። የሚናደድበት ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። ቁጣውን በፈለገበት በዚያው ቦታ ደስታ አገኘ።

«ማን አነበበልሽ?»

ሽ። ‹ዎት› አላለም፤ ሰገነት ሰማቻት። አላሳየችም።

«አባባ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቅናቱ ቦታው አይደለም፣ አርመው ብለዋል።»

ይህን ሲሰማ ነው ፊቱ የፈረሰው። መቋሚያውን የተቀበሉት እጆች፣ ሃያ አራት ዓመት ቆይተው፣ ዕርማት ላኩለት። የተባረረ ተማሪ አይታረምም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ ሰገነት አላሳፈረችውም፣ ወደ አሸተን ቀና ብላ ጠበቀችው።

«ልክ ናቸው» አለ በኋላ። «ያን ጊዜ በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብመጣ ያስገቡኛል?»

«መነጽራቸውን ወልውዬ ነው የወጣሁት።»

«ሰኞ እኮ…» አለና ወደ መድረኩ ዞረ። ንጋት ገና ከድራሙ አልተነሣችም፤ አባስ አጠገቧ ቆሞ የሆነ ነገር እየኮነነ ያርማታል። ደሳለ ሽቦ ይጠቀልላል። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲሄድና ሰው ሲመጣ ያየ መድረክ፣ አሁንም አንድ ሰው ሄዶ አንድ ሰው መጥቶ፣ ያው ቆሟል። «ሰኞ ባሕር ዳር ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ። ዘፈኑ መጨረሻ የለውም፤ ጥዬው ብሄድ የት ጋ እንደቆመ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሰገነት።

የድራሙን ልብስ አቀበለችው። ዳር ዳሩን በጥቁር ክር ሰፍታዋለች፤ በውስጡ በኩል ግን፣ ማንም በማያየው ፊት፣ ከካባው የተረፈ አንድ ክንድ የወርቅ ክር አለ። በእውቀቱ ገልብጦ አየው። ጣቱን በክሩ ላይ አስኬደ፣ የኔታ በደብዳቤው ላይ እንዳስኬዱት።

«አንቺ ነሽ ይህን የሰፋሽው?» አላት፣ ሌላ ሰው ሊሆን የሚችል ይመስል።

ከዚያ አብረው ዳገቱን ወረዱ። ሰው እያየ ነው፤ ይይ። መንገዱ ድንጋያማ ነውና ቀስ አሉ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ። ቅድም ሳያስበው ‹ሽ› ብሏት ነበር፣ አሁን ደግሞ አንቺ ብሏታል። ሰገነት ሁለቱንም ቆጥራቸዋለች። ሦስተኛውን ለመስማት አልቸኮለችም።